ውስጥ እግሯን አዙረው ይመልከቱ፦ ስለ ትንንሽ የቤት እንስሳት የእግር እብጠት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ክረምት ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱኝ መልእክቶች ስድስቱ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው፤ በዶሮ፣ በጥንቸል፣ አንዱም በቺንቺላ እግር ላይ ስለሚታይ እብጠት። እንስሳቱ ቢለያዩም የአብዛኞቹ ሕመም የሚጀምረው ከሚረግጡት ወለል ስለሆነ፣ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ በአንድነት አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ስድስት የፈረንጅ ዶሮዎች አሉኝ። አንዷ ማነከስ ከጀመረች ሳምንት ሆኗታል፤ ውስጥ እግሯ አብጦ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ጎረቤቴ «በምላጭ ቅደጂውና መግሉ ይውጣ» ብላኛለች። ልቅደደው?

መልስ፦ እባክዎ አይቅደዱት። የሰው እባጭ ሲፈነዳ መግሉ ስለሚፈስ የጎረቤትዎ ምክር ትክክል ይመስላል፤ የዶሮ መግል ግን እንደ ደረቀ አይብ ይጠጥራል እንጂ አይፈስም። ስለዚህ በምላጭ የተከፈተው ቁስል መግሉን ሳያስወጣ ለጭቃና ለኩስ በር ይሆናል፤ ምላጩ ትንሽ ጠለቅ ካለም ጣቶቿን የሚያንቀሳቅሰውን ጅማት ይቆርጣል። እንዲህ ተቀድዳ የመጣች ዶሮ አይቼ፣ እግሯን ያሳጣት እብጠቱ ሳይሆን ቅዳዱ መሆኑን ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ያዩት ጥቁር ነጥብ ቅርፊት ነው። ዶሮዋ ከከፍታ ስትዘል ወይም ስለታም ጠጠርና ስንጥር ስትረግጥ ውስጥ እግሯ ይጫራል፤ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው፣ በቆዳ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ በዚያች ጭረት ይገባል፤ ከዚያ ቆዳው ላይ ላዩን ይድንና መግሉ ከሥር ይቀራል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ማታ ቆጥ ላይ ሰፍራ ከተረጋጋች በኋላ ክንፎቿን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ይያዟት፤ ሌላ ሰው ባትሪ ያብራልዎ። ጭቃውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ያስተያዩ። ቆዳው ቀልቶ ከማብረቅረቅ በቀር ቅርፊት ከሌለው ሕመሙ ገና ጀማሪ ነው። ቅርፊቱ የምስር ፍሬ ያህል ብቻ ከሆነና እብጠቱ ከውስጥ እግሯ ካላለፈ በቤት ሊረዷት ይችላሉ። እግሯን ለብ ባለ የጨው ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ፤ አዮዲን ቀብተው በስሱ ጎዝ ይጠቅልሉ፤ ጎዙንም በየቀኑ ይለውጡ። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም እብጠቱ በጣቶቿ መካከል ወደ ላይ ወጥቶ ከታየ፣ እግሯ ሲዳሰስ ከተኮሰ፣ ወይም ከፍ ብሎ ያለው መገጣጠሚያ ካበጠ ሕመሙ ወደ አጥንትና ጅማት ሊዘልቅ ስለሚችል ለሐኪም ያሳዩአት። ይህ ባክቴሪያ ሰውንም ሊያጠቃ ስለሚችል ጓንት ቢያጡ ፌስታል እጅዎ ላይ ያጥልቁ፤ ሲጨርሱም በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ወደ ቆጡ እንመለስ። ለከባድ ዶሮ ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነ ቆጥ ከፍ ያለ ነው፤ በየማለዳው ከዚያ ዘላ ጠንካራ መሬት ላይ ስታርፍ ክብደቷ ሁሉ በውስጥ እግሯ ላይ ይወድቃል። ዝቅ ያድርጉት፤ እንጨቱም ጠርዙ የተላገ፣ ጣቶቿ በምቾት የሚይዙት ይሁን። በክረምት ደግሞ ጉዝጓዙ ረጥቦ ሲያድር ቆዳዋን አልፍቶ ለጭረት ያመቻቸዋልና ሰጋቱራውን ወይም ጭዱን በእጅዎ እየጨበጡ ይፈትሹ፤ እርጥበቱ እጅዎ ላይ ከቀረ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል። የቫይታሚን ኤ እጥረትም ቆዳን ስለሚያደክም ጎመንና ካሮት አይጉደልባት።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ወለሉ ሽቦ በሆነ ሣጥን ውስጥ ሁለት ጥንቸሎች አሉኝ። የኋላ እግራቸው ተረከዝ ፀጉሩ ረግፎ ቀልቷል፤ የአንዱ ይደማል። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቼ በውሃ በጥብጬ ልስጣቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከመስጠትህ በፊት መጠየቅህ ጥንቸሎችህን አድኗቸዋል። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ ለጥንቸል ገዳይ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥንቸል ሣርን የምትፈጨው በአንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እርዳታ ነው፤ መድኃኒቱ እነዚህን ሲያጠፋ ክሎስትሪዲየም የሚባለው ጎጂ ባክቴሪያ ቦታውን ይዞ መርዝ ያመነጫል፤ እንስሳዋም ተቅማጥ ይዟት በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለሰው ልጅ በየቀኑ የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን አይጠረጥርም።

ጥንቸል እንደ ድመትና እንደ ውሻ በእግሯ ሥር ለስላሳ ትራስ የላትም፤ ያላት ወፍራም ፀጉር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ላይ ስትቀመጥ ፀጉሩ ያልቅና ቆዳው በቀጥታ ሽቦው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሣጥኑ ወለል ቢያንስ ግማሹን በተላገ ጣውላ ሸፍነህ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ በወፍራሙ ጎዝጉዝበት፤ የረጠበውን በየቀኑ አውጣ። ጥፍራቸው ከረዘመ ጣታቸው ወደ ላይ ተነሥቶ ክብደቱ ወደ ተረከዝ ስለሚዞር፣ ሐኪም እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳይህ። ፀጉር የሌለበት ቦታ ትንሽ፣ ደረቅና ያልቀላ ሲሆን ብዙ አያስጋም፤ የሚደማው ጥንቸል ግን የጥንቸልን አንጀት የማይጎዳ መድኃኒት የሚመርጥለት ሐኪም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጀርመን አገር ያለችው እህቴ ቺንቺላ የምትባል እንስሳ ታሳድጋለች። በቪዲዮ ስታሳየኝ ውስጥ እግሯ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር አየሁ። እህቴ ዕጢ ነው ብላ ደንግጣለች። እውነት ዕጢ ይሆን?

መልስ፦ ለማያውቋት አንባብያን፣ ቺንቺላ ከደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ የመጣች፣ ከአይጥ ወገን የሆነች፣ ፀጉሯ እጅግ የበዛ እንስሳ ናት። ውስጥ እግሯ ግን ፀጉር የለውም፤ በተፈጥሮውም ጉብ ጉብ ያሉ ለስላሳ ትራሶች አሉት። ስለዚህ እህትዎ ከመደንገጣቸው በፊት የግራውንና የቀኙን እግር ያስተያዩ። ጉብታው በሁለቱም እግር በተመሳሳይ ቦታና መጠን ካለ፣ ሲነካም ካላመማት፣ አፈጣጠሯ ነው። ባንዱ እግር ብቻ ከታየ ግን መመርመር አለበት።

ተረከዝ ላይ የሚታይ ደረቅና ጠጣር ቆዳ እንደ ጫማ ችግር ያለ መጅ ነው፤ ባይጎዳም ወለሉ ጠንካራ መሆኑን ይናገራል፤ ከተሰነጠቀም ባክቴሪያ ይገባበታል። ቀልቶ የረጠበ ወይም ቅርፊት ያለው ቁስለት ነው። ክብና ጠጣር ሆኖ ከቆዳው ሥር የሚገኝ የመግል ቋጠሮ ሊሆን ይችላል፤ የእርሷም መግል ወፍራም ስለሆነ በመርፌ ወግቶ ማፍሰስ አይቻልም። አንዲት ጣት ብቻ ድንገት ካበጠችና ከጠቆረች ደግሞ ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞባት ደሟን አግዶት ሊሆን ስለሚችል፣ ያ የዚያው ቀን ሥራ ነው። ዕጢም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እርሱን ግን ከመግል ቋጠሮ የሚለየው የሐኪም ምርመራ እንጂ የስልክ ምስል አይደለም።

እስከዚያው እህትዎ የሽቦውን ወለል በጣውላ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ። የቺንቺላ ፀጉር ከረጠበ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ለዶሮዋ ያልኩትን መዘፍዘፍ ለእርሷ አይጠቀሙ፤ ቁስሉን በረጠበ ጎዝ ብቻ ይጥረጉ። ቺንቺላ የምትታጠበው በደቃቅ አቧራ ነውና ክፍት ቁስል ካለ ይህም እስኪድን ይቁም። አሞክሳሲሊን ለእርሷም መርዝ ነው። ቺንቺላ ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ስለሆነች በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗት፤ መብላት ካቆመች አንጀቷም ሥራውን ሊያቆም ስለሚችል ነገን አይጠብቁ።

ጥያቄ (ከቸቸላ)፦ የአውራ ዶሮዬ ቅልጥም ቅርፊቱ ተነሥቶ እንደ እብጠት ወፍሯል። ላምባ ልቀባው?

መልስ፦ ይህ በቅርፊቱ ሥር የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ቅንቅን ሥራ ሊሆን ይችላል። ላምባ ቆዳውን ስለሚያቃጥል ይቅር። ቅልጥሙን በሞቀ ውሃና ሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ ቫዝሊን በደንብ ይቀቡት፤ ቅንቅኑ አየር አጥቶ ይሞታል። ሕክምናውን ለጥቂት ሳምንታት ደጋግሙት፤ አብረውት የሚያድሩትንም ዶሮዎች ይፈትሹ፤ የተነሡትን ቅርፊቶች በእጅዎ አይንቀሉ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ እግሯ ያበጠች ዶሮ ለእንቁጣጣሽ ብትታረድ ትበላለች?

መልስ፦ በመጀመሪያ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ ያስታውሱ። በቴትራሳይክሊን የታከመች ዶሮ ሥጋዋም እንቁላሏም ሐኪሙ የሚነግርዎ ቀን እስኪያልፍ አይበላም። መድኃኒት ካልወሰደች፣ እብጠቱም ከውስጥ እግሯ ካላለፈና ዶሮዋ ደኅና የምትበላ ከሆነች፣ እግሩ ከመገጣጠሚያው ተቆርጦ ይጣላል። ከስታ፣ ፈዝዛ ወይም መገጣጠሚያዎቿ አብጠው ከሆነ ግን ይብሏት አልልም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጎንደር ውስጥ ለዶሮና ለጥንቸል የሚሆን ሐኪም የት አገኛለሁ? በሬና ፍየል ካልሆነ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ አይፍሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ተቋም ስላለው ከተማችን በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለች ናት፤ ከዚያም ሌላ የመንግሥትና የግል የእንስሳት ክሊኒኮችን መጠየቅ ይችላሉ። እንስሳዋን አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘው ይውሰዷት፤ የሰጧትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይያዙ። ሐኪሙ እግሯን ያያል እንጂ ያደረችበትን አያይምና፣ ከቤት ሳይወጡ የወለሉን፣ የቆጡንና የጉዝጓዙን ፎቶ በስልክዎ አንሥተው ያሳዩት።