ቤዝህን ከማውጣትህ በፊት ስምህን አስጽፍ

«በሮክ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ አሁን ለሌላ ሰው አልበም ስቱዲዮ ገብቼ እንድቀርጽ ተጠርቻለሁ፤ ምን ላድርግ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔም በዚሁ በር ነው የገባሁት። የደረሰብኝ እንዳይደርስብህ ልንገርህ።

1. ቀንስ። መድረክ ላይ የሚያስጨበጭበው ሩጫ ስቱዲዮ ውስጥ ይበዛል። ጆሮህን ኪክ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ላይ ጣል። ኖታውን የት እንደምትጀምር ብቻ ሳይሆን የት እንደምትቆርጠውም አስብበት። እኔ የመጀመሪያ ቀን አንዱን ክፍል ስምንት ጊዜ የደገምኩት ክሩን በጊዜ ስለማላፍነው ነበር።

2. ቤዝህ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ትርፍ ባትሪ ያዝ። ኬብሉን ሰክተህ አትተወው፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

3. ክፍያ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አቀናባሪው የሰጠኝ የኮርድ ወረቀት ብቻ ነበር። የቤዙን መስመር ራሴ ፈጠርኩት፤ ዘፈኑ የሚከፈተውም በሱ ነው። ስለ ውል ሳነሳ «እኛ ደግሞ ወረቀት ምን ያደርግልናል?» አለኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። አልበሙ ሲወጣ የጊታሪስቱም የድራመሩም ስም አለ። የኔ የለም! አልበሙን ያወጡት ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «ተከፍሎህ የለ እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ኃላፊው ወጣና ዓይኔን እያየ አልፎኝ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን እንኳ፣ ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ያወጣውን ያን ሁሉ ዘፈን በጣቱ ያቆመው ሰው፣ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሙ አልበም ላይ አይጻፍም ነበር። እንግሊዛዊው ቤዝ ተጫዋች ኸርቢ ፍላወርስ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. ለዘፋኙ ሉ ሪድ ሲቀርጽ በኮንትራባሱ (ቆሞ በሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ) ላይ ኤሌክትሪክ ቤዝ ደረበበት፤ ሁለት መሣሪያ ስለተጫወተ እጥፍ ተከፈለው። ደንቡን ያውቅ ነበራ!

አሁን እኔ ከቤት ሳልወጣ አጭር መልእክት እልካለሁ። ክፍያው በሰዓት ነው በዘፈን? እንደገና ቅረጽ ብትሉኝስ? መስመሩን እኔ ከፈጠርኩት ድርሻዬ ምንድን ነው? ስሜ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፣ እያልኩ። «እሺ» የሚል መልስ ሳይመጣ ቤዜ ከቦርሳው አይወጣም። የተቀየመኝ አለ። ግን ባለፈው የደወለልኝ ፕሮዲዩሰር ያገኘኝ ስሜን አልበም ላይ አንብቦ ነው። ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት።

የሰጡህ ወረቀት ካለ ፈርመህ ሳትመልስ እዚህ ለጥፈው፤ የነሱን ስም ሸፍነህ። ዛሬ ማታ አነበዋለሁ።