ልጄ አጎት ተከራየ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ነው፤ ጠላ እየሸጥሁ ነው የማድረው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለከረመ ገና 7ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር መምህሩ «ወላጅ አምጣ» ብሎት ኖሮ ለአንድ ጋሪ ነጂ 50 ብር ከፍሎ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞት ገባ። የሰማሁት ጠላ ሊጠጣ ከመጣው ከራሱ ከጋሪ ነጂው ነው። «መምህሩ ፊት ‹ሁለተኛ እንዳይለምድህ!› ብዬ ተቆጣሁልሽ» እያለ ይስቃል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ልጄ አፈረብኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አባቱ ቢሰማ ዱላ ነው የሚያነሣው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጋሪ ነጂው ስንት እንደተከፈለው፣ ምን ብሎ እንደተቆጣ ሁሉ አለበት። አንድ ነገር ግን የለበትም፦ መምህሩ ወላጅ የፈለገው ለምን ነበር? እርስዎ አያውቁም። አጎት ተብዬውም የሄደው ሊቆጣ እንጂ ሊጠይቅ አይደለም።

አፍሮብኝ ነው ላሉት፣ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ የሹም ልጅም በአባቱ ያፍራል። እኔ ግን ከሐፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱን እጠረጥራለሁ። እርስዎ ለባለቤትዎ ለመንገር ከፈሩ፣ ልጁ ቢፈራ ምን ይገርማል? 50 ብሩን የዱላ መሸሻ አድርጎት ይሆናል።

ደግሞስ «ወላጅ አምጣ» መቼ ለደግ ነገር ሆኖ ያውቃል? ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው፤ ካልሆነም ለመዋጮ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት የሚባለውም እንኳ በብዙ ቦታ ድምፁ የሚሰማው አጥር ሲፈርስ ነው። በጎጃም ወላጅ ከትምህርት ቤት መራቁ የቆየ ሥር ያለው ይመስለኛል። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወዳሉት የቅኔ ቤቶች የወረደን ተማሪ ወላጅ አይከተለውም ነበር፤ ብዙውም ከቤቱ ጠፍቶ ነው የሄደው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፣ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይማራል። እዚያ የወላጅ ዞር ማለት መምህሩን ማክበር ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ልጁን በየቀኑ ይመልስልዎታል። በስንት ሰዓት እንደተኛ፣ በልቶ መሄዱን፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ከመቼ ጀምሮ ዝም እንዳለ መምህሩ ከየት ያውቃል? እርስዎ ነዎት የሚነግሩት፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።

መጀመሪያ ልጁን ለብቻው ያግኙት። «አጎትህን አገኘሁት» ብለው አይጀምሩ። «የተጠራሁት ለምን ነበር?» ይበሉት፤ ማወቅዎን ከዚህ ይረዳዋል። ዝም ቢል አይጫኑት፣ በማግሥቱ መልሰው ይጠይቁት። በ15 ዓመት ከታናናሾቹ ጋር አንድ ወንበር መጋራት ራሱ ሸክም ነው፤ በክፍል ቢጨቃጨቅም ሆነ ከትምህርት ቢቀር ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ አብራችሁ መምህሩ ዘንድ ሂዱ። ስለ ጋሪ ነጂው እውነቱን እሱ ራሱ ይናገር፤ እርስዎ አያጋልጡት። ርዕሰ መምህሩን ከፈሩ ከኅብረቱ አባላት አንዱን ያነጋግሩ፤ ወላጆችም አሉበትና።

ለአባቱ መደበቁን አልመክርም። ነገር ግን ከመምህሩ ከተመለሱ በኋላ፣ ምክንያቱን ይዘው ይንገሩት፤ የሚሰማቸው የንስሐ አባት ካሉ አብረው ይቀመጡ። ሐሜት ቀድሞዎት ዱላ እንዲያስነሣ አይፍቀዱ።

ጉዳዩ ካለቀ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይጠራዎት አንድ ቀን ብቅ ይበሉ። መምህሩ ግራ ይጋባ ይሆናል፤ ምን አጠፋሁ ብሎ የሚደነግጠውም እሱ ሊሆን ይችላል። «እንዴት ሰነበተላችሁ?» ብለው ይመለሱ። የእህትዎ ልጅ ልከተልዎት ካለች በር ላይ ትጠብቅዎት፤ ልጅዎ ምትክ ወላጅ አንድ ጊዜ አይቷል።