ለቅሶ ሳይመጣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ አንድ ቀብር አስፈጻሚ ይመልሳል

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ፈቃድ ያለኝ ቀብር አስፈጻሚ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ አንድ እድር ለዓመታዊ ስብሰባው ጠርቶኝ ነበር። አባላቱ ጥያቄያቸውን ግማሹን በወረቀት፣ ግማሹን በቃል አቀረቡልኝ። የመለስኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስታርፍ የደወልኩበት ፊውነራል ሆም (የቀብር አገልግሎት ድርጅት) "ዋጋ በስልክ አንናገርም፣ ኑና እንነጋገር" አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ልክ አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1984 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ አለው። በስልክ ለጠየቀ ሰው ዋጋ መንገር ግዴታ ነው። በአካል ከሄድክ ደግሞ የእያንዳንዱ አገልግሎት ዋጋ የተዘረዘረበት ወረቀት ይሰጥሃል። ወረቀቱን ይዘኸው ነው የምትወጣው። ሳጥኖቹን ከማየትህ በፊትም የሳጥን ዋጋ ዝርዝር ማየት አለብህ። የማትፈልገውን አገልግሎት አልፈልግም ማለት ትችላለህ። በመደበኛው አሠራር የማይቀረው የመሠረታዊ አገልግሎት ክፍያ የሚባለው ብቻ ነው።

የኛ ሰው ግን አይጠይቅም። "የእናቴን ሬሳ አስቀምጬ ዋጋ ልከራከር?" ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ሆኖም የአገሪቱ ቀብር አስፈጻሚዎች ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አስከሬን ታይቶ ለሚፈጸም ቀብር መካከለኛው ዋጋ 8,300 ዶላር ነው። የመቃብር ቦታው እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ልጆቹ ያልቅሱ፤ ረጋ ያለ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ግን ሦስት ቦታ ይደውል። ገንዘብ ማሰባሰብ የሚጀመረውም ዋጋው ከታወቀ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ሌላ ቦታ ገዝተን ብናመጣስ?

መልስ፦ ትችላላችሁ። እምቢ ማለትም፣ ለዚያ ተብሎ ተጨማሪ ማስከፈልም አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊሞች ነን። ኢምባልሚንግ የግድ ነው ብለውን ነበር።

መልስ፦ የግድ አይደለም። አስከሬን እንዳይፈርስ በመድኃኒት ማከም ቶሎ ለሚቀበር ሰው በሕግ አይጠየቅም። "ሕጉ ያስገድዳል" ብሎ መዋሸት ራሱ ደንቡን መጣስ ነው። ከናንተ ጋር ስሠራ የኔ ዋና ሥራ መሮጥ ነው። ሐኪሙ የሞት ምስክር ወረቀቱን እንዲፈርም እወተውታለሁ፣ የመቃብሩን ሰዓት እይዛለሁ፣ ለሚያጥቡት ክፍሉን አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ የመቃብር ቦታዎች አፈሩ እንዳይሰምጥ ሳጥኑን ከውጭ የሚከብ የኮንክሪት መያዣ ይጠይቃሉ። ይህ የመቃብሩ ደንብ እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም። ታች የሌለው፣ ከላይ የሚደፋ ኮንክሪት እንዳለ ጠይቁ። ጀናዛው በከፈኑ አፈር ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ አባታችን አገር ቤት ነው መቀበር የሚፈልጉት። እሳቸው ቢያርፉ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ዕድሜ ይስጣቸው። ቀኑን የሚወስነው አውሮፕላኑ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ መታከሙን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ የኤምባሲው ፈቃድ፣ ሁሉም መሟላት አለባቸው። የሞቱት በድንገት ከሆነ ደግሞ የሞት መርማሪው እስኪለቃቸው ትጠብቃላችሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረን ስም ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የልደት ቀንም አንዱ ቦታ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላ ቦታ በፈረንጆቹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ቅጹ የሟች እናት ከጋብቻ በፊት የነበራቸውን ስምም ይጠይቃል። አንዲት ልጅ እያለቀሰች "አያቴ እኮ ስሟን ቀይራ አታውቅም፣ ምን ልበላቸው?" ያለችኝን አልረሳውም። ያው የራሳቸው ስም ነው የሚጻፈው።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት ፊደል አምልጣኝ ታውቃለች። ፓስፖርቱ ላይ ሁለት "ኤስ" ነበር፣ እኔ አንድ ጻፍኩ። በዚያች ፊደል አስከሬኑ በረራውን አጣ። አዲስ አበባ ድንኳን ተጥሎ፣ ቄስ ተጠርቶ፣ ሰው ቦሌ ሊቀበል ወጥቶ ነበር። ስልክ ደውዬ ለታላቅየው ልጅ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ከመላኩ በፊት ስሙን በትልቁ ጽፌ፣ ፓስፖርቱን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ሁለት የቤተሰብ ሰው ፊደል በፊደል እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ የአባታችሁን ፓስፖርትና መታወቂያ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እዩ። ልዩነት ካለ እሳቸው በሕይወት እያሉ ማስተካከል በጣም ይቀላል።

ጥያቄ፦ አንተ ልጅ፣ ሰው ሞተ ሲባል ሰምተን "እውነት ነው ወይ?" ብለን ስንደውል ትሸሻለህ። እኛ የእድር ሰዎች አይደለንም እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል። ግን መርዶ የኔ አይደለም። አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ሽማግሌ ተመርጦ፣ የንስሐ አባት ተይዞ፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ይኬዳል። እዚህ ግን ፌስቡክ ቀደመን። አንዲት እናት የልጇን ሞት ያወቀችው ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት፣ ስልኳን ስትከፍት ነው። ፎቶውን፣ ከሥሩም "ነፍስ ይማር" የሚል ጽሑፍ አየች። የለጠፈው ሰው ክፉ አይደለም። አዝኖ ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ የምታነሳው ያችን ስልክ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ "አሁን ንገር" እስኪለኝ ድረስ፣ አስከሬኑ እኔ ጋ ቢሆንም እንኳ ለማንም አልናገርም። ለእድሩ ሊቀመንበርም፣ ለቄሱም፣ ለገዛ ሚስቴም። የምለምናችሁ ቤተሰቡ "ሁሉም ሰምቷል" እስኪል እንድትታገሡ ነው። አዲስ አበባ ወይም ቤሩት ያለች እህት ገና አልሰማች ይሆናል።

ጥያቄ፦ "በምን ሞተ?" ስንልስ?

መልስ፦ ያንንም አልመልስም። ራሱን ያጠፋ ወጣት ቤተሰብ ማኅበረሰቡ ውስጥ ቀና ብሎ እንዲሄድ የኔ አፍ መዘጋት አለበት።

ጥያቄ፦ ቀብር ላመጣላችሁ የእድር አመራር ኮሚሽን ትከፍላላችሁ ይባላል።

መልስ፦ እኔ አልከፍልም። አንድ ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አለ። "ሁሉም ይሰጣል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረህ" አለኝ። ያ ገንዘብ ከየት ነው የሚወጣው? ሐዘንተኛው ሂሳብ ላይ ተጨምሮ ነው። እድር ማለት ሰው በሞቱ ቀን ባዶ እጁን እንዳይቀር የተቋቋመ ነገር ነው። በሞቱ ከተተረፈበት እድር አይደለም። ሦስት ፊውነራል ሆሞች ዋጋቸውን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ። ወረቀቱ ለአባላት ሁሉ ይነበብ።

ጥያቄ፦ በሩ ከተዘጋ በኋላ አስከሬኑን እንዴት እንደምትይዙት በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ይህን የጠየቁት እናት ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መፍራታቸው አለምክንያት አይደለም። በ2002 ጆርጂያ ውስጥ አንድ አስከሬን ማቃጠያ ሳያቃጥል የጣላቸው 334 አስከሬኖች ተገኝተዋል። በ2023 ደግሞ ኮሎራዶ፣ ፔንሮዝ ከተማ፣ ወደ 190 የሚጠጉ አስከሬኖች በአንድ ሕንፃ ውስጥ እየበሰበሱ ተገኙ። ያኔ ኮሎራዶ ቀብር አስፈጻሚዎችን ፈቃድ አትጠይቅም ነበር። ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ በ2024 ነው። ስለዚህ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። የየስቴቱ ቦርድ አቤቱታ ይቀበላል።

እኛ ጋ ገና ከሆስፒታል ስንረከብ እግር ላይ የስም መለያ ይታሰራል። በተንቀሳቀሱ ቁጥር መለያው ይነበባል፣ ይፈረማል። የማይታጠበው የሰውነት ክፍል በአንሶላ ይሸፈናል። እኔ ደግሞ ያስተማሩኝ አሜሪካዊ አሠሪዬ የሚያደርጉትን ወርሻለሁ። በስማቸው እየጠራሁ አናግራቸዋለሁ። "እትዬ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው" እላለሁ። ፀጉራቸውን ሳበጥር ልጃቸው በሰጠችኝ ፎቶ ላይ እንዳለው ነው የምከፍለው። ለማጠብና ለመገነዝ መግባት የምትፈልጉ ቤተሰቦች ደግሞ ጠይቁን፣ ጊዜ እናመቻቻለን።

ጥያቄ፦ ሰው አይሸሽህም?

መልስ፦ በፊት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዳንዶች እጄን መጨበጥ ይፈሩ ነበር። አሁን አባታቸውን የቀበርኩላቸው ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘውልኝ ይቆማሉ። የሚከብደኝ የሕፃን ሳጥን ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ሳጥን ነው። ያን ዕለት ማታ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ጋ እደውላለሁ። እሱም እንደዚያው ይደውልልኛል። በ2020 ኮቪድ ጊዜ ቀብር ላይ አሥር ሰው ብቻ እየቆጠርን ስናስገባ ባንደዋወል ኖሮ ብዙዎቻችን ሥራውን እንተወው ነበር።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ይህን ሥራ መማር እፈልጋለሁ። እናቴ ግን "ሴት ልጅ ሬሳ ቤት?" ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ሙያ ከሚማሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በኛ ወግ ደግሞ ሴትን የምታጥብ ሴት ናት። አማርኛ የምታውቅ ፈቃድ ያላት ሴት ስጠየቅ ብዙ ጊዜ የምጠራት አላገኝም። ትምህርት ቤት አለ፣ ብሔራዊ ፈተና አለ፣ ከዚያ በባለሙያ ሥር የምትሠሪበት የልምምድ ጊዜ። ርዝመቱ እንደየስቴቱ ይለያያል። ከመመዝገብሽ በፊት ግን አንድ ቀን ነይና አብረሽን ዋይ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ነኝ።