ልጆቼን ጓሳ ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ልጆቼ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው፤ ገጠርን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። መንዝ ስላለው ጓሳ ሰምቼ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «ሳር ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ? ልጆቹስ ምን ይሠራሉ?» ይላል። ምን ይመክሩኛል?
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውሰጃቸው እህቴ። እኔ ያደግሁት ከጓሳ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው፤ ስለዚህ ስለ ጓሳ ስጠየቅ ልቤ ያደላል። ቢሆንም ውሰጃቸው።

ባለቤትሽ «ሳር» ማለቱ ልክ ነው። ቦታውም ሳሩም ጓሳ ይባላል። ግን ዝም ብሎ የበቀለ ሳር አይደለም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። አለቃ ይመረጣል፣ ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ያኔ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አያርፍበትም። ሳሩ ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ይህ ደንብ ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ መክሮ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የልጅነት ቤታችን ጣሪያ ጓሳ ነበር፣ ከብት የምናስርበት ገመድም ጓሳ፣ የምንተኛበት ፍራሽ ውስጡ ጓሳ። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪልኝ። የሚያየው ሳር የአንድ አገር ሰው ንብረትና ድካም ነው።

ልጆቹ ምን ይሠራሉ ላልሽው፣ በጠዋት ተነስተው ጭላዳ ዝንጀሮ ይጠብቁ። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ሳር እየነጩ ነው የሚውሉት። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም አይኖሩም። ሳትጮሁ በዝግታ ከተቀመጣችሁ አይሸሿችሁም፤ ምግብ ግን በፍጹም አትስጧቸው።

ከቀናችሁ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ትታያለች። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም። ጓሳ ላይ የተጠና አንድ ነገር አለ፤ ለትልቁ ልጅሽ አጫውቺው። ቀበሮዋ ብቻዋን አይጥ ስታድን የሚሳካላት ከ4 ሙከራ በአንዱ ገደማ ነው። ጭላዳዎቹ መሀል ገብታ ስታድን ግን ከ3 ሁለቱ ይሳካላታል። እነሱም ግልገሎቻቸውን ይዘው አጠገቧ ይግጣሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ «ምን ልሥራ?» ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ እረኞቹ ዘንድ ይሂዱ። ወንጭፍ አወራወር ይማሩ፤ ሰው በሌለበት አቅጣጫ ይሁን እንጂ። የደጋውን ዕፅዋት፣ ጅብራውን፣ አስታውን፣ ጦስኙን አስጎብኚው ያሳያቸዋል። ጦስኝ በሻይ ውስጥ ሲፈላ ያሽትቱት። ማታ ገብስ የሚቆላበት ቤት ብትጋበዙ እምቢ እንዳትሉ። ምድጃ ዳር ተቀምጦ ትኩስ ቆሎ መብላት ለከተማ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ባለቤቶቹን አስፈቅዱ።

አሁን ወደ ጉዞው። ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም አረጋግጪ። በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ያለ ሰው ጠይቂ። ጥሩ ካልሆነ ይቆያችሁ፤ ጓሳ የትም አይሄድም። መንገዱ አዲስ አበባ–ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማበር ላይ የመኪናው መንገድ የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ሳትገቡ በግራ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ። ማደሪያውን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ ድንኳን ካላችሁም ያዙ። የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ላይ አትከራከሩ፣ ጥበቃው የሚቆመው በገንዘብ ጭምር ነው።

ብርዱን አትናቂው። ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እኔ የምመርጠው ጥቅምትንና ኅዳርን ነው፤ ዝናቡ ሄዷል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ካልሲ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ልጆቹ አይሩጡ፤ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ራስ ምታቱ ከጠና ወይም ማስታወክ ከመጣ ወደ ቆላው ዝቅ በሉ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰቤን ይዤ መንዝ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ለማገኛቸው ልጆች ከረሜላና እስክሪብቶ ባመጣ ምን ይመስልዎታል?
(አባት፣ ከአሜሪካ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ መንገድ ላይ ግን አታድል። መኪና ባዩ ቁጥር በጎቹን ጥለው የሚሮጡ ልጆች እየበዙ ነው፣ አስፋልት ዳር መሮጥ ደግሞ አደጋ አለው። እስክሪብቶውንና ደብተሩን ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ስጥ፤ ማን እንደቸገረው እሳቸው ያውቃሉ። ከረሜላውን ተወው።

ገንዘብህ መንደሩ ውስጥ እንዲቀር ከፈለግህ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ግዛ። የመንዝ በግ ፀጉር ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፣ ብዙ ቀን ይፈጃል። የጠሩልህን ዋጋ ክፈል፤ እዚያ ያለው ዋጋ አንተ ከምታውቀው ብርድ ልብስ ጋር አይወዳደርም። ባና ከባድ ነውና ስትመለስ ሻንጣህ ውስጥ ቦታ ተውለት።