ሁዳዴን ችዬ ፋሲካ ላይ እወድቃለሁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ማታ ማታ አረቄ ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁዳዴን ግን 55ቱንም ቀን አልቀምስም። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፤ ከዚያ ይለቀኛል። ለፋሲካ አንድ ብዬ ስጀምር ተመልሼ እዚያው ነኝ። መጠጥ የተዉ ሰዎች እየተሰበሰቡ ይረዳዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ይጠቅማል? የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከእጅዎ መንቀጥቀጥ ልጀምር፤ እሱ ያሰጋኛል። አልኮል የለመደ ሰውነት ድንገት ሲቋረጥበት እንዲህ ይሆናል። አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ያንፈራግጠዋል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሕመም ሰው ይገድላል። በተደጋገመ ቁጥርም ሊብስ ስለሚችል፣ እስካሁን በሰላም ማለፉ አያዘናጋዎት። ከማቆምዎ በፊት ሐኪም ይይዎት። ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልግዎት ይሆናል። ጸበል ለመግባት ካሰቡም መጀመሪያ ይታከሙ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አዎ፣ ይጠቅማል። እርስዎም ቀምሰውታል። በሁዳዴ ብቻዎን አይደሉም፤ ቤቱም ጎረቤቱም አብሮ ይጾማል፣ የሚጋብዝዎትም ይቀንሳል። በፋሲካ ያ ሁሉ ሰው ይበተናል። ከዚያ በኋላ ትግሉ የብቻዎ ነው።

መጠጥ የተዉና ለመተው የሚታገሉ ሰዎች የሚረዳዱበት፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በአክሮን ከተማ፣ በሁለት ሰዎች ነው። ቢል ዊልሰን መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለሥራ በሄደበት አምሮቱ ሲነሳበት፣ እንደ እሱ የሚቸገር ሰው አፈላልጎ አገኘ። ያ ሰው ቦብ ስሚዝ ይባላል፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ሐኪሙን መጠጥ ያስቆመው የሕክምና ዕውቀቱ አልነበረም፤ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘቱ ነው።

የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ክፍያ የለም። ሙሉ ስም አይጠየቁም። ካልፈለጉ ሳይናገሩ አዳምጠው መውጣት ይችላሉ። የሚያውቅዎት ሰው ካገኙም እሱም የመጣው በዚያው ጉዳይ ነው፤ እዚያ የታየና የተሰማ ደግሞ ውጭ አይወራም።

አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ሲሄዱ፣ ካገገሙ ሰዎች ጋር የሚያገናኝዎት ቡድን እንዳለ ይጠይቁ። እንግሊዝኛ የማይከብድዎት ከሆነ በስልክዎ፣ በዙም የሚገቡበት ስብሰባ በየቀኑ አለ።

ይህ ሁሉ እስኪሳካ ግን አንድ ሰው ይበቃል። ከሰፈር ወይም ከሥራ ቦታ መጠጥ የተወ ሰው አይጠፋም። «እንዴት ተውክ?» ብለው ይጠይቁት። ደመወዝ በወጣበት ማታና በዓመት በዓል ዋዜማ መደወል እንዲችሉ ያስፈቅዱት። ሲደውሉለት ምክር ባይሰጥዎትም አምሮቱ እስኪበርድ አብሮዎት ይቆይ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባለቤትዎም ይህን ሰው ይወቁት፤ እርስዎ መደወል ሲያቅትዎት እሳቸው ይደውሉለት።