የቆየ መዝሙር እንደገና ማቀናበር ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጌታ ይባርክዎ። መዘምራን አሠለጥናለሁ። አሁን አንድ የቆየ መዝሙር ለአራት ድምፅና ለኦርጋን እያቀናበርኩ ነው። አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን "አባቶቻችን የዘመሩትን መነካካት ምን አመጣው?" አሉኝ። ኃጢአት ይሆን? ምን ላይስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኃጢአት አይደለም። በዚህ ልብሽ አይረበሽ። እንዲያውም "የጥንቱ ይሻላል" ከምንላቸው መዝሙሮች ብዙዎቹ በየዘመኑ እጅ የነካቸው ናቸው። "አስደናቂ ጸጋ"ን ውሰጂ። ጆን ኒውተን ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1779 ሲያሳትም ዛሬ የምናውቀው ዜማ አብሮት አልነበረም። ሁለቱ የተገናኙት በ1835 አሜሪካ ውስጥ በወጣ የመዝሙር መጽሐፍ ነው።

የሽማግሌዎቹን ስጋት ግን አታጣጥዪው። በ1706 ኋላ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የሆነው ወጣቱ ባኽ አርንሽታት በምትባል የጀርመን ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሳለ አስተዳዳሪዎቹ ጠርተው ወቅሰውታል። በመዝሙሩ መሃል እንግዳ ድምፆች እየቀላቀለ ምእመኑን ግራ አጋብቷል አሉት። ባኽ እኮ ነው! ችሎታ አላነሰውም፤ ግን ሕዝቡ መከተል ካቃተው ያ ሁሉ ችሎታ ለአምልኮው ምን ረባው? እኔ እዚህ ላይ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ነኝ።

ጳውሎስ "በመንፈስ እዘምራለሁ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ" ይላል (1ኛ ቆሮ. 14፥15)። ቃሉ ካልተሰማ አእምሮ ምን ይዞ ይዘምራል? ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለቃሉ ተጠንቀቂ። አራቱ ድምፆች እየተቀባበሉ ሲገቡ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሶፕራኖዎቹ (ከፍተኛ የሴት ድምፆች) "መስቀል" ላይ ሲደርሱ ቴነሮቹ (ከፍተኛ የወንድ ድምፆች) ገና "ኃጢአቴን" እያሉ ከሆነ አድማጩ አንዱንም አይዝም። እንዲህ ያለውን ቅብብል ሕዝቡ በቃሉ ለሚያውቀው አዝማች አቆዪው።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ሁሉም አንድ ላይ ዜማውን ይዘምር፣ ኦርጋኑም ቀለል ባለ ኮርድ (አንድ ላይ በሚሰሙ ድምፆች) ይደግፍ። መሃል ላይ አንዱን አንቀጽ መዘምራኑ ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ ቢሉት ቃሉ ጎልቶ ይወጣል። ኦርጋኑን በነፃነት መልቀቅ የምትችዪው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ሕዝቡ ዜማውን ስለያዘ ኮርዶቹ ቢቀየሩም፣ ሶፕራኖዎቹም ከላይ ሌላ ዜማ ቢደርቡ አይደናገርም።

ኦርጋን ደግሞ አይተነፍስም። ጣት እስካልተነሳ ድረስ ድምፁ ይቀጥላል፣ ሰው ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ በየስንኙ መጨረሻ የመተንፈሻ ምልክት አድርጊ፤ ተጫዋቹም እጁን እንዲያነሳ አስለምጂው። የዜማውንም ከፍታ ለሠለጠነ ድምፅ ብቻ አትምረጪ። መዘምራኑ የሚደርሱበት ላይ ምእመኑ ካልደረሰ አፉን ዘግቶ ይቆማል፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

ስለ መብትም አንድ ነገር ልበል። ዜማው ጥንታዊ ቢሆንም የግጥሙ ትርጉም በሕይወት ያለ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። ከማባዛትሽ በፊት ጠይቂና ፈቃድ ውሰጂ፣ የሰው ድካም ነው።

ሥራው ሲያልቅ እነዚያን ሽማግሌዎች ልምምድ ላይ ጥሪያቸው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አብረው ይዘምሩ። ዜማው የጠፋባቸውን ቦታ ይንገሩሽና እሱን ቦታ አስተካክዪ።