ከጣውላ ወለል ሥር የተኛ ውኃ፣ የጎረቤት አሸንዳና የሁለት ዓመቱ ይርጋ

ጥያቄው የደረሰን በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ሲሆን ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የሚኖሩት ከአባታቸው በወረሱት፣ መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ብሎ ወለሉ ጣውላ በሆነ የቆየ ቤት ውስጥ ነው፤ ካርታው እስካሁን በአባታቸው ስም ነው። ከበላያቸው ያለው ጎረቤት የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ፣ ግንቦት ላይ፣ አዲስ ቤት ሠርቶ ጨረሰና ግቢውን በሙሉ ሊሾ አደረገው፤ የጣሪያውንም አሸንዳ ወደ ጋራው አጥር አዞረ። ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ በሁለቱም ክረምቶች ውኃ ከወለላቸው ሥር ተኝቷል። ዘንድሮ አንድ ጣውላ ነቅለው ባትሪ ቢያበሩ፣ ውኃው ጣውላውን ከሚሸከመው ሞራሌ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆሞ አገኙት። ጎረቤታቸው ሲጠየቅ «ውኃ ወደ ዝቅታ ነው የሚሄደው፤ እኔ ምን ላድርግ» የሚል መልስ ሰጥቷል። መክሰስ እችላለሁ ወይ፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል ሲሉ ይጠይቃሉ።

የጎረቤትዎ መልስ ግማሽ እውነት አለው፤ የሚከራከርብዎትም በዚሁ ግማሽ ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ብቻ የሚወርድ የዝናብ ውኃ በማንም ላይ ጥፋት ሊሆን አይችልም። ነገር ግን የአንድን ጣሪያ ውኃ በአሸንዳ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ላይ ማፍሰስ፣ ቀድሞ ዝናቡን ይመጥ የነበረውንም አፈር በሊሾ መድፈን፣ የሰው ሥራ እንጂ የተፈጥሮ ፍሰት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብቱ በመሬቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊገምተው ባይችል እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል፤ አሸንዳው የሕንፃው አካል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም በዚህ መሥመር እሄዳለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ውኃው በእርግጥ ከጎረቤት የመጣ ከሆነ ነው። ብዙ ክስ የሚወድቀው ሕግ ስለጠፋ ሳይሆን ከሳሽ የውኃውን ምንጭ ሳያጣራ ችሎት ስለሚቀርብ ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ንባብ ይመዝግቡና ጠዋት ይመልከቱት፤ ከጨመረ የሚያፈሰው የራስዎ መሥመር ነው። ቆጣሪው ባይንቀሳቀስም ውኃው በበጋ ሳይጎድል ከቆመ፣ ከቆጣሪው በፊት ያለው የመንገድ መሥመር ሊሆን ስለሚችል ተጠያቂው የመሥመሩ አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት እንጂ ጎረቤትዎ አይሆንም። ሽታ ካለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ይጠርጠር። በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድል ከሆነ ግን አባባልዎ ይጠነክራል፤ በዝናብ ሰዓት ውኃው ከአሸንዳው ወርዶ በአጥሩ ሥር ሲገባ የሚያሳይ፣ ቀኑ የተመዘገበ ቪዲዮም ከብዙ ምስክር ይበልጣል።

የክሱን ዓይነት በተመለከተ፣ ካርታው በአባትዎ ስም መሆኑ እንዳሰቡት መሰናክል አይደለም። በቁጥር 1149 መሠረት የሚቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ የሚጠይቀው ባለቤትነትን ሳይሆን ቤቱን በእጅዎ አድርገው መያዝዎን ነው፤ እዚያው የሚኖሩ መሆንዎን ካስረዱ አሸንዳው እንዲዞርና ውኃው እንዲቆም መጠየቅ ይችላሉ። ለበሰበሰው ጣውላና ለሞራሌው ካሳ ለመጠየቅ ግን የወራሽነት ማረጋገጫ ሊኖርዎት ይገባል፤ ሌሎች ወራሾች ካሉም አብረው ቢከሱ ወይም ውክልና ቢሰጡዎት ይሻላል። ዳኝነቱ እስኪሰጥ ሌላ ክረምት እንዳይገባብዎት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 154 ጀምሮ በተመለከተው መሠረት ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥልዎት ከክሱ ጋር ያመልክቱ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የሁከት ክስ ሁከቱ ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሳም በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ውኃው መጀመሪያ የገባው በሰኔ ከሆነ የቀረዎት ስምንት ወር ያህል ብቻ ነው። በየክረምቱ አዲስ ሁከት ይፈጠራል የሚል ክርክር ማንሣት ቢቻልም፣ ቤቴን በዚህ ክርክር ላይ አላስይዝም፣ እርስዎም አያስይዙ። ጉዳዩን በሽማግሌ መጨረስ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ከበዓል በኋላ እናየዋለን» እየተባለ ወራቱ እንዳያልቁ፣ ለሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው ይስጡ፣ የተስማሙበትንም አሸንዳው በስንት ቀን እንደሚዞርና ወጪው በማን እንደሚሸፈን ጠቅሰው በጽሑፍ አስፍረው ይፈራረሙ።

እስከዚያው ድረስ እጅዎን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ፤ ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ሳያደርግ ከቀረ ካሳው ሊቀነስበት ይችላል። ውኃውን በፓምፕ ያስወጡ፣ በመሠረቱ ግድግዳ ላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በአፈር ተደፍነው ከሆነ ያስከፍቷቸው፤ እንጨት የእርጥበት መጠኑ በመቶ 20 አካባቢ ካለፈ መበስበስ ይጀምራልና። የፓምፑንና የሠራተኛውን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ። ወለሉን አፍርሶ በሊሾ መተካት ግን ፍርድ ቤቱ የሚልከው ባለሙያ ጣውላውን፣ ሞራሌውንና ውኃው በግድግዳው ላይ የተወውን መሥመር አይቶ ሪፖርቱን እስኪያቀርብ ይቆይ።